የባሕር ውሃ ይሙሉበት አልኩት

ሐጎሴ፣ የእኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ባለፈው ሳምንት መቃብርህ ላይ የበቀለውን ሣር ስነቅል ልነግርህ የፈለግሁት ነገር ነበር፤ ዘመዶችህ አጠገቤ ስለነበሩ ዋጥኩት። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። ደስም ይበልህ ተቆጣኝም፣ እኔ እንደሆነ አልተጸጸትኩም።

ቤታችን ያው ናት። ጣራው ያው ያፈሳል፣ የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሰውም ያው ወሬኛ ነው። የመስታወት ገንዳህ ቆሞበት የነበረው መስኮት ሥር ግን ግድግዳው ላይ የቀረው የጨው እድፍ ሁለት ጊዜ ባስቀባውም አልለቅ አለኝ።

ወንድምህ ከምጽዋ የመጀመሪያውን ኮራል በሹፌር እጅ የላከልህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ድንጋይ መስሎኝ ልጥለው ነበር። «ቆይ፣ አፍ አለው፤ ይበላል፣ ያድጋል» አልከኝ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ «ሰው ልጅ ያሳድጋል፣ ያንቺው ደግሞ ድንጋይ ያሳድጋል» ብላ ሰፈሩን አሳቀችብን። አንተ ግን አሳደግከው። ዕድሜህን ሙሉ የመኪና ባትሪ ስትጠግን የኖርክ ሰው ነህና፣ መብራት ሲጠፋ አየር የሚነፋለትን ሞተር በባትሪ ታስነሳለህ። ኖራ በጥብጠህ ታስቀምጥና ሲጠልል ከላይ የጠራውን ብቻ ጠብ ጠብ ታደርግለታለህ፤ አጥንቱን የሚሠራው በእሱ ነው ትለኝ ነበር። ደግሞ ያቺ በጥፍር ቀለሜ መስታወቱ ላይ ያሰመርካት ቀይ መስመር! ውሃው እየተነነ ከመስመሯ ዝቅ ሲል የምትጨምረው ጨው የሌለበት ንጹሕ የባትሪ ውሃ ነበር። አንድ ቀን እኔ በየዋህነት ወንድምህ በጀሪካን ከሚልክልህ የባሕር ውሃ ልጨምርበት ስል እጄን ይዘህ «የሚጎድለው ውሃው ነው እንጂ ጨው አይደለም» አልከኝ። አውራ ጣት የምታክለው ቁራጭ በሦስት ዓመት መዳፌን አከለች።

ከዚያ ያ ሰውዬ መጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ከምጽዋ የሚመጣልህ ጀሪካን የወንበዴ መልእክት አለበት ብሎ አንተን አሰረህ። ቤታችን ያገኘውን ዐሥራ አንድ ጀሪካን የባሕር ውሃ ማስረጃ ነው ብሎ መጋዘን ቆለፈበት፣ ገንዳህን ደግሞ ለሰፊው ሕዝብ ብሎ አዳራሹ ውስጥ አቆመው። እኔን ጠርቶ «ደህና አድርገሽ ከያዝሽው የባልሽን ነገር አስብበታለሁ» አለኝ። ሦስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ እየሄድኩ ኖራህን አጠለልኩ፣ እስከ መስመሯ ሞላሁ። እውነትም ፈታህ፤ የሰጠኝ ግን ሳል የጨረሰውን አካልህን ነበር። ሳምንት እንኳ አልቆየህልኝም።

አርባህን ባወጣሁ ማግስት አስጠራኝ። የበላይ አካላት ሊጎበኙ ነው፣ ውሃው ጎድሏል፣ ምን ይደረግ? አለኝ። ጥቁሬን ለብሼ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ የባሕር ነገር አይደል? የባሕር ውሃ ይሙሉበት» አልኩት። ማን አያምንም? መጋዘኑን ከፍቶ አንተን ያሰረበትን ማስረጃ በገዛ እጁ በየቀኑ ይገለብጥበት ጀመር። ጨው በጨው ላይ ተደራረበ። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቀን እቆጥር ነበር።

እንግዶቹ የመጡ ዕለት አዳራሹ ሸቷል፣ ኮራልህ ነጭ አጥንት ሆኗል። ቀበሌው በራሱ ጥረት ያሳደገው ነው ብሎ ጽፎላቸው ነበር። ይባስ ብሎ፣ ወንበዴ ያዝኩበት ያለውን ጀሪካን አምጣ ሲሉት ዐሥራ አንዱም ባዶ ሆኖ ተገኘ። አሻጥረኛ ብለው አንተ ባሳልክባት ክፍል ቆለፉበት። የሰማሁ ዕለት፣ ሐጎሴ፣ ከሞትክ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ በላሁ።

ኮራልህን የገደልኩት እኔ ነኝ። ለእሷ ብቻ ይቅር በለኝ። ግን ባዶ እጄን አልቀረሁም፤ አዳራሹ በሄድኩበት የመጨረሻ ጠዋት እንዳስተማርከኝ አንድ ጫፍ ሰብሬ፣ በማርማላታ ጠርሙስ ከነውሃዋ ነጠላዬ ሥር ይዤ ወጥቻለሁ። ከባትሪ ቤትህ አሮጌውን ሞተር አመጣሁላት። ወንድምህም ውሃ መላኩን አልተወም። አሁን ሁለት ጣት አክላለች።

ሰውዬው ተፈትቷል። ሹመት የለው፣ ሽጉጥ የለው፤ እንደኛው ለስኳር ይሰለፋል። ወደ ሰልፉ ሲሄድ በደጃችን ስለሚያልፍ እንዳንተው ቀይ መስመር ያሰመርኩባትን ትንሿን ገንዳዋን ሆን ብዬ መስኮቱ ላይ አድርጌያታለሁ። ትናንት አያትና ቆመ። የባትሪ ውሃ እየጨመርኩ ነበር። «ምንድን ነው የምትጨምሪው?» አለኝ። ነገርኩት። እንዳንተው አድርጌ፣ የሚጎድለው ውሃው ነው እንጂ ጨው አይደለም አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሲገባው ፊቱን አየሁት፤ ያንን ፊት ብታይልኝ ምን አለ!

የነፍስ አባቴ ይቅር በይው ይሉኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም አልኳቸው። እሱ በዚህ መንገድ እስካለፈ ድረስ ቀይ መስመሬን አላጠፋም። በየጠዋቱ ስምህን ጠርቼ እስከ መስመሯ እሞላለሁ። ውሃው ሄዷል፣ ሐጎሴ፤ ጨዉ እኔ ዘንድ አለ።

ያንተው ዘነበች