ያበላሸሁትን ቲሸርት ለብሰህ የወጣህ ቀን

አባዬ፣ አሰላሙ አለይኩም።

ከተለየኸን ወዲህ ይኸው ሁለተኛው አረፋ ደረሰ። የቡታጅራ መናኸሪያ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው መጨናነቅ ጀምሯል። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላ የለባትም። መኝታ ቤታችሁን ቀለም አስቀብታለች፤ ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ከፍታ ዱዓ ታደርግልሃለች። የእንጨት ሥራ ቤትህን እኔ ይዤዋለሁ። መጋዝህና መላጊያህ ከግድግዳው አልወረዱም፤ ከሥራቸው ግን አሁን ቲሸርት ነው የሚታተመው።

የምጽፍልህ ላመሰግንህ ነው። በሕይወት ሳለህ ገና ስጀምር «ተይ እስቲ» እያልክ አታስጨርሰኝም ነበር።

ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ አጥቼ የተመለስኩ ጊዜ፣ አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት በር ላይ ቆሜ ያየሁትን ነገርኩህ። የእንጨት ፍሬም ላይ ስስ ጨርቅ ይወጠራል፤ ቀለም ይፈስበትና በጎማ ሲገፋ ከሥር ያለው ቲሸርት ላይ ጽሑፍ ይወጣል። አጎቴ «ቀለም ለቅልቃ የምትውል ሴት ማን ያገባታል?» አለ። አንተ ግን በማግስቱ ከበር ሥራ በተረፈ እንጨት ፍሬሙን ሠራህልኝ። እማዬ ከስሱ መጋረጃዋ ቆርጣ ሰጠችን፤ እኔ ጨርቁን እየሳብኩ አንተ በሚስማር መታኸው።

ከወረቀት ፊደል ቆርጬ አንድ ቲሸርት ላይ «ቡታጅራ» ብዬ ለማተም ሞከርኩ። ቀለሙ ቀጥኖ ኖሮ ፈሰሰ፤ ፊደሎቹ እርስ በርስ ተጣበቁ። እያለቀስኩ ወለል መወልወያ ላደርገው ስል ከእጄ ተቀበልከኝ። «ይድረቅ፣ ተይው» አልክ።

በማግስቱ ሸሚዝህን ትተህ እሱን ለብሰህ ገበያ ወጣህ። እኔ አፍሬ በር ዘግቼ ዋልኩ። ሰው «ከድር፣ ምን ነክቶህ ነው?» እያለ ሲስቅ፣ «የልጄ የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ከዚህ ያምራል» እያልክ ነበር የዞርከው። ይህን አንተ አልነገርከኝም። የነገረኝ የሰፈራችን ኳስ ቡድን አምበል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ድረስ መጥቶ «ወልቂጤ ሄደን ልንጫወት ነው፤ ሁለተኛውን ለእኛ ሥሪልን» አለኝ።

ክረምት ነበር። ለቡድኑ ያተምነው ቲሸርት ሁሉ ገመድ ላይ እንዳለ ዝናቡ መጣ። ነገ ሊሄዱ ቀለሙ ገና እርጥብ ነው። ቲሸርቶቹን እንዳይነካኩ በእንጨት ላይ ዘርግተህ፣ ላስቲክ አልብሰህ ጎረቤት ዳቦ ቤት ወሰድካቸው። ጋጋሪውን ለምነህ ምድጃው ፊት ለፊት ቆምን፤ አንዱን አንተ፣ አንዱን እኔ እያገላበጥን እስኪደርቁ ያዝናቸው። ፊትህ በላብ ርሶ «እኛም አብረን በሰልን» ስትል ጋጋሪው ሳይቀር ሳቀ። ከዚያ በካውያ ተኮስናቸው። ቡድኑ ተሸንፎ ተመለሰ፤ ጽሑፉ ግን ሲታጠብ አልለቀቀም። ወልቂጤም ያዩት ሰዎች ትእዛዝ ላኩልኝ።

አባዬ፣ ያን የገበያ ቀን ቤት ውስጥ ብትቀር ኖሮ እኔም እቀር ነበር። አሁን ወልቂጤ ሁለተኛ ቤት ከፍቻለሁ። አዲስ ሠራተኛ ስቀጥር የመጀመሪያ ሥራዋ ቢበላሽም አላስጥላትም፤ ስሟን ጽፌበት ለራሷ እሰጣታለሁ። ለምን እንደማደርገው ስትጠይቀኝ ስለ አንተ አጫውታታለሁ።

ደንበኞች «ሙያውን አዲስ አበባ ነው የተማርሽው?» ይሉኛል። «አባቴ ጋ ነው» እላቸዋለሁ። አንተ ጎማውን እንኳ በየት በኩል እንደሚያዝ አታውቅም ነበር። ቢሆንም መልሴ ይኸው ነው፤ እድሜ እስከሰጠኝ ድረስም አልለውጠውም።

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፤ ጀነትን ይስጥህ።

ልጅህ ዘሀራ