ለአባባ ያወጣህለት ስም

ለናፈቅከኝ ወንድሜ ለሊሳንድሮ፣

እንደምን ሰነበትህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ጨጓራህ ተሻለህ ወይስ እስከ ዛሬ በሜክሲኮ በርበሬ ታነድደዋለህ? ሚስትህ ቼሎ እንዴት ናት? ልጆቹስ አደጉ? እኛ ደኅና ነን። ዶሮዎቹም ደኅና ናቸው። ካካዎውም ዘንድሮ ዝናብ ሳያበሰብሰው ደርቆልናል። ደኅና ያልሆነ አንድ ሰው አለ፤ ወደ እሱ እመጣለሁ። አንተም ማን እንደሆነ ሳታውቀው አትቀርም።

እዚያ ሆነህ የጻፍከው አስቂኝ የመርማሪ ድራማ እኛም ዘንድ ደርሷል። ማክሰኞ ማክሰኞ ሰዉ ወንበሩን እየያዘ ቴሌቪዥን ሊያይ ዶኛ ኩካ ሱቅ በር ላይ ይሰበሰባል። አስተያየቱ የተለያየ ነው፤ ሁሉንም ልንገርህ፣ ደስ ይበልህ። ፀጉር አስተካካዩ ፍሬዴስቪንዶ እንባው እስኪወርድ እየሳቀ "ከዚህ አቧራ ውስጥ እንዲህ ያለ ጭንቅላት ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር" ይላል። አባ አንሴልሞ በስብከታቸው "በሽማግሌ መሳቅ ኃጢአት ነው" ብለው ገሠጹን፤ ማክሰኞ ሲደርስ ግን የፊተኛው ወንበር የሳቸው ነው። አስተማሪዋ ኔሬይዳ "ፍሬ የለውም፣ ሌባው ከመጀመሪያው ይታወቃል" ትላለች፤ እስከ ዛሬ አንዱንም አውቃ አታውቅም። አክስታችን ቴኦና ደግሞ ሰው ሁሉ ሲንከተከት "ይሄ ልጅ የጠባው ጡት አይደለም፣ እሬት ነው" ብላ ወንበሯን አንሥታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም።

አባባ የመጀመሪያው ዕለት የፖሊስነቱን ካኪ ሸሚዝ ለብሶ "ልጄ የሠራው ነው" እያለ ከሁሉ ፊት ተቀመጠ። መርማሪህ በበቅሎ ተቀምጦ ብቅ ሲል ሰዉ ሳቀ፤ አባባም ሳቀ። ቀጥሎ መርማሪህ የተጠርጣሪውን እጅ ይዞ አፍንጫውን ሰክቶ ማነፍነፍ ሲጀምር የሰዉ አንገት ሁሉ ወደ አባባ ዞረ። ዶሮ በተሰረቀ ቁጥር የሰው እጅ የሚያሸትት ሃምሳ አለቃ በዚህ አገር አንድ ብቻ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እሱ አልገባውም። ጮክ ብሎ "ተሳስቷል፤ ጣት አይሸተትም፣ ሌባ ጣቱን ይታጠባል። የሚሸተተው አንጓው ነው" አለ። ሰዉ ቴሌቪዥኑን ትቶ በእሱ ሳቀ። ያን ጊዜ ገባው። እኔም ስቄአለሁ፣ አልዋሽህም። አሳምረህ ጽፈኸዋል፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

እዚህ ቅጽል ስም የሌለው ሰው እንደሌለ መቼም አልረሳኸውም። አንተ "ቁንጫ" ነበርክ፣ እኔ እስከ ዛሬ "ቃሪያ" ነኝ። ሰው ሲሞት እንኳ የድምፅ ማጉያው መኪና የሚለፍፈው ከነቅጽሉ ነው፤ አለዚያ ማን እንደሞተ ስለማይታወቅ ቀባሪ አይመጣም። በሎማ ሴካ ቅጽል ያልወጣለት ሰው ቢኖር አባታችን ነበር። ሀብት የለው፣ መሬት የለው፣ ኩራቱ ያቺው ነበረች። "እኔ ስሞት ሳቱርኒኖ ፔኛልቬር ሞተ ይባላል፣ በቃ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" ሲል አብረን ሰምተነዋል። ማንም ሳይደፍራት የኖረችውን ስም አንተ በአንድ ማክሰኞ ጨረስካት። ዛሬ "አነፍናፊው" ነው።

ዓሣ ሻጯ መንገድ ላይ እጇን ዘርግታ "አነፍናፊው፣ እስቲ አሽትተኝና ከማን ጋር እንዳደርኩ ንገረኝ፣ እኔ ረስቼዋለሁ" ትለዋለች። ዶሚኖ የሚጫወቱት ጎረምሶች ሲያልፍ እጃቸውን አሰልፈው ይጠብቁታል። ድራማው መሐል ላይ መብራት የጠፋ እንደሆነ ደግሞ ሰዉ ወደ ቤታችን ይጎርፋል፤ "ሃምሳ አለቃ፣ ሌባው ማነው? መቼም እርስዎ ያውቁታል" እያለ። አንድ ቀን ብስጭት ቢለው አንዱን በከዘራ አቀመሰው። በሳምንቱ መርማሪህም በከዘራ ሰው መታ። አንተ ምን ዓይነት ሟርተኛ ነህ?

ይሄኔ ነው አባባ ጻፊለት ያለኝ። "ለመርማሪው ሌላ አመል ይስጠው። ጫማ ይመርምር፣ ጆሮ ይለካ፣ የፈለገውን ያድርግ። አፍንጫዬን ብቻ ይመልስልኝ በይው" አለኝ። ልመና ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ልጽፍልህ ስል የቅድስት ሉሲያ በዓል ደረሰ፤ የበዓሉ ኮሚቴም አባባን ለክብር እንግድነት ጠራው። እኔ ጠርጥሬ "ይቅርብህ" አልኩት። እሱ ግን ላገለገለው ዘመን ሊያመሰግኑት መስሎት ተላጨ፣ ቁልፎቹን ወለወለ፣ ቀበቶውን አጥብቆ ሄደ።

መድረክ ላይ አውጥተው ዓይኑን በመሐረብ አሰሩት። "ሌባውን ለይ" አሉና እጅ በእጅ እያፈራረቁ ያቀርቡለት ጀመር። የፍሬዴስቪንዶን እጅ አወቀ፣ የዶኛ ኩካን አወቀ፣ ሰዉ አጨበጨበለት። በመጨረሻ የታረደ አሳማ እግር ሸሚዝ አልብሰው ሰጡት። አባባ አንጓው ያለበትን በአውራ ጣቱ ፈልጎ አገኘ፣ ቀስ ብሎ አሸተተና "ይሄ ንጹሕ ሰው ነው፣ ልቀቁት" አለ። ሰዉ መሬት ላይ ተንከባለለ። አባ አንሴልሞ ሆዳቸውን ይዘው ወንበር ፈለጉ። አባባ አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልጠየቅሁትም። ቤት እስክንደርስ እጁን በሱሪው ሲጠርግ ነበር።

በማግስቱ ብዕር ይዤ "እንግዲህ አፍንጫህን እንዲመልስልህ ልጻፍለት?" አልኩት። "ተይው፣ እንጀራው ነው" አለኝ። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ልመና የለበትም። ደስ ይበልህ።

አክስት ቴኦና ሰላም በይው ብላት እምቢ ብላለች። ባለቤቴ ኤውዶሮ ሰላም ብሎሃል፤ ቀጣዩ ክፍል ላይ ማን እንደሚታሰር አስቀድመህ ብትነግረው ይወዳል። ፍሬዴስቪንዶ ፎቶግራፉን ይላክልኝ፣ መስተዋቴ ላይ ልለጥፈው ብሏል። ቼሎን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም ሳምልኝ።

አባባም ሰላም ብሎሃል። "አባትህ ሳቱርኒኖ" ብዬ ስጽፍ በትከሻዬ በኩል አይቶ ሰርዢው አለኝ። "አነፍናፊው ሰላም ብሎሃል በይው። ሳቱርኒኖ ካልሽው ማን እንደሆነ አያውቅም።"

እኅትህ ኢዳሊያ

ሎማ ሴካ፣ ዲሴምበር 20 ቀን 1987