ተናገሪ እንጂ ያልሻት ልጅ

እማየ፣ የኔ ሆድ፣

ካላንቺ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ሴት መቃብርሽ ድረስ ስለማትገባ ሰላምታዬን በወረቀት ልላክልሽ። አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። መካ፣ ነካሳ ሰፈር የነበረው ቤታችን ፈርሷል፤ አሁን ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር ከአክስቴ ዘይነብ ጋር ነው የምኖረው። እሷ አሁንም ሊፍት ትፈራለች፤ ደረጃውን በእግሯ ትወጣና ደከመኝ ብላ እኔን ትቆጣለች። ደግሞ ተመርቄያለሁ! ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ አንድ የግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ የመኖሪያ ኢቃማዬም በነሱ ስም ሊዞር ነው። አዲስ ጫማ ገዝቼ ቤት ውስጥ እየተራመድኩበት ነው።

ያ መጽሐፍ ግን እስካሁን አላለቀም። ትዝ ይልሻል? ከማዳም ቤት ሥራ ስትመለሺ እግርሽን ውሃ ውስጥ ነክረሽ ትቀመጫለሽ፣ እኔ ዓረብኛውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብልሻለሁ። ታሪኩ ጥጥ በሚመረትበት ሩቅ አገር ስለምታድግ ነጭ ልጅ ነበር። ጎረቤቷ፣ ጥቁሩ አናጺ፣ ጎተራ አቃጥለሃል ተብሎ ታሰረ። እሳቱ ሲነሳ ግን እነሱ ቤት በር ሲጠግን አይታዋለች። አይታ ዝም አለች፤ ትልልቆቹ ሁሉ ዝም ብለው ነበርና። ያኔ ነው ውሃውን በእግርሽ እየረጨሽ የጮኽሽባት፦ «ተናገሪ እንጂ አንቺ! አፍ የለሽም?»

በማግስቱ ሐረም መስጊድ ሄደሽ ለአናጺው ዱዓ አድርገሽ መጣሽ። በሳቅ ሞትኩ። «እማየ፣ ሰውየው እኮ የለም፣ ልብ ወለድ ነው» ስልሽ ተቆጣሽ። «በመልኩ የሚታሰር ሰው የለም ነው የምትይኝ? ይልቅ አሚን በይ!» አሚን አልኩ። ፍርዱ ጋ ሳንደርስ ታመምሽ።

ባለፈው ሐሙስ ለአክስቴ ጨርቅ ልገዛ መካ፣ ዑተይቢያ ገበያ ሄጄ ነበር። ሱቁ ውስጥ አንዲት ሴት ስልኬ ጠፋ ብላ ጮኸች። ሰው ሞልቶ ሳለ ጣቷ የሄደው ካርቶን ወደሚያመላልሰው ልጅ ነው። «ያ ጥቁሩ ነው!» ባለሱቁ በሩን ዘግቶ ፖሊስ ሊጠራ የራሱን ስልክ አነሳ። ልጁ አበሻነቴን አይቶ በወሎ አማርኛ «እህቴ፣ ኢቃማ የለኝም» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ፖሊስ ከመጣ ንጹሕ ሆነም አልሆነም ወደ አገር መጫኑ ነው።

እኔ አይቻለሁ። ሴትየዋ ከገባች ጀምሮ ሁለት እጁ ጭንቅላቱ ላይ ካለው ካርቶን አልወረደም። ግን ፈራሁ፣ እማየ። መልኬ የሱ ነው፤ አብራው ናት ቢሉኝስ? ሥራዬስ? ኢቃማዬስ? ዓይኔን ወደ ጨርቁ መለስኩ። ያን ጊዜ ውሃው ሲረጭ የሰማሁ መሰለኝ።

«በየትኛው እጁ ወሰደው?» አልኩ በዓረብኛ። ድምፄ የኔ አይመስልም፣ ቀጥኗል። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ካርቶኑን እንደተሸከመ ነው፤ አውርድ ያለው የለም። «እስቲ የመረጠችውን ጨርቅ ዘርጉት» አልኩ። ሲዘረጋ ስልኩ ከመሀሉ ዱብ አለ። ሴትየዋ «ኸላስ፣ በቃ» ብላ ወጣች። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ።

ልጁ ስሙ ሰዒድ ነው። «እህቴ፣ ከጀመርሽው አይቀር ካርቶኑንም አውርጂልኝ፣ አንገቴ ሊቀነጠስ ነው» አለኝ። እየሳቅን አወረድነው።

ከዚያ ሐረም ገባሁ። ለአናጺው ዱዓ አደረግሁለት፣ ሳልስቅ። ከሱ ቀጥዬ በዱዓዬ ሰዒድን ጠራሁ።

ዛሬ ጥጉን ያጠፍሽውን ገጽ እከፍታለሁ። እንደ ድሮው ጮክ ብዬ ወደ አማርኛ እየመለስኩ እስከ መጨረሻው አነብልሻለሁ፤ አክስቴ አበደች ካለች ትበል። ፍርዱ እንዴትም ይሁን፣ ያቺ ልጅ ዝም ባለች ቁጥር በአንቺ ፈንታ እጮህባታለሁ። ይህንኑ ክፍል ውስጥ ለማስተምራቸውም፣ ለራሴም ደጋግሜ እላለሁ። አንቺን የማስታውስሽ እንደዚህ ነው።

አላህ ይዘንልሽ፣ እማየ። አሁን ደግሞ አንቺ አሚን በይ።

ልጅሽ ሀያት