ከሥጋው ጋር የተሰካው ቃሪያ

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፣ ሚዛን

ዛሬ ደክሞኛል። ልጄ ጽጌ ከሁለት ዓመት በኋላ ትናንት ከምትኖርበት ከቱም ከተማ መጣች፤ ነገ ትመለሳለች። የባሏን ሃይማኖት ከተቀበለች ወዲህ እንደማትጾም አውቃለሁ። በዚሁ ተቀያይመን እስከ ትናንት ፊት ለፊት አልተያየንም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለራት ያመጣችውን ሥጋ በነጭ ሽንኩርት፣ በሎሚና በአዋዜ ዘፍዝፋ፣ ከቃሪያና ከቲማቲም ጋር እያፈራረቀች በቀርከሃ ስንጥር ላይ ሰካችው።

«አባባ፣ ሥጋው ለእኔ፣ አትክልቱ ለእርስዎ። ሲበስል እየነቀልሁ እሰጥዎታለሁ» አለችኝ፤ በጎ ያደረገች መስሏት።

«ሥጋ የነካውን በረቡዕ አልቀምስም! እዚህ ቤት ያደግሽ አይደለሽም እንዴ?» አልኋት። ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ አለ።

«ረሳሁት እኮ፣ አባባ።»

ቢላዋውንና መክተፊያውን አጥባ፣ ሌላ ቃሪያና ሽንኩርት ከትፋ በአዲስ ስንጥር ሰካች። ከሰሉን እንኳ ለወጠችው።

ማዕዱ ሲቀርብ ሥጋው አልነበረም።

«ያንቺስ?» አልኋት።

«ዛሬ ከእርስዎ ጋር ነኝ» ብላ ከሳህኔ አንድ ቃሪያ አነሣች።

የተናገርሁት ሥርዓቱ የሚያዝዘውን ነው፤ አልጸጸትበትም። ነገር ግን አብራኝ የበላችው ለጾሙ ብላ ይሁን ለእኔ አዝና፣ ለመጠየቅ አልደፈርሁም።