ጓዳው ለባለቤቱ

ኅዳር 3

አሰልቺ ቀን። ምክር ቤት፣ ስብሰባ፣ የቀዘቀዘ ሻይ... የጤና ተቆጣጣሪዎች አልጋ የያዘ አዛውንት ያለበትን ቤት ሁሉ ያለ ፈቃድ ገብተው ይዩ የሚል ረቂቅ ቀረበ። ነገ እቃወመዋለሁ። መንግሥትን ጓዳችን ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?

ለእማዬ ደወልኩ። ወንድሜ አነሳው። ተኝታለች አለኝ። እሱ ጋ ከገባች ወዲህ ሁልጊዜ ተኝታለች... ይሁን፣ የሚጦራት እሱ ነው። እኔ መች ቻልኩበት?

ኅዳር 4

ተሳካልኝ። «መንግሥት አደባባዩን ይጠብቅ፤ ጓዳውን ለባለቤቱ ይተው» ስል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ረቂቁ ወደቀ። ያቀረበችው የምክር ቤት አባል፣ ሐኪሟ፣ ኮሪደር ላይ ጠጋ ብላ፣ «ቁልፉን ለማን እንደሰጠሽ አውቀሻል?» አለችኝ። ሽንፈት ነው የሚያናግራት።

ኅዳር 9

ደወልኩ። ተኝታለች።

ኅዳር 16

ሳልነግረው ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ። በሩን ገርበብ አድርጎ ቆመ፤ የቤቱ ክፉ ሽታ ግን አመለጠው። ከውስጥ እማዬ፣ «ምጥን፣ አንቺ ነሽ?» አለች፤ በልጅነቴ ስም። ልገባ ስል በክንዱ ከለከለኝ።

«ጓዳውን ለባለቤቱ ያልሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ፣ እትዬ? በቴሌቪዥን አይቼሻለሁ።»

ዘጋው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ...

ኅዳር 17

በሩን ቆልፎ ሥራ እስኪሄድ ጠብቄ በጓሮ መስኮት አየኋት። አንድ እጇ በአንሶላ ቅዳጅ ከአልጋው ጋር ታስሯል። አንጓዋ ቆስሏል። እንዳልወድቅ ብሎ ነው አለችኝ፤ ብቻውን ነው፣ ደክሞታል...

«ገበናችንን ለሰው እንዳታወጪ፣ ልጄ።»

ጤና ቢሮ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ባለቤቱ ካልፈቀደ መግባት እንደማይችሉ በትህትና አስረዳችኝ። ስሜን አልነገርኳትም፤ አፈርኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ለካ እኔ ነኝ።

ኅዳር 24

ሐኪሟን እግሯ ሥር ወድቄ ለመንኳት። ረቂቁን መልሳ አመጣችው። ዛሬ ተነስቼ ሁሉንም ተናገርኩ። አንሶላውን፣ ቁስሉን... ወንድሜን። አሁን ማንም አላጨበጨበም። ረቂቁ አለፈ።

ኅዳር 28

ተቆጣጣሪዎቹ ገቡ። ወንድሜ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ ቀና ብሎም አላየኝ። እማዬን በቃሬዛ አወጧት። ጎረቤቱ በየበሩ ቆሞ ያያል። የተፈታውን እጇን ልይዝ ዘረጋሁ። በዚያው እጇ አንሶላውን ስባ ፊቷን ሸፈነች።