ያባዛሁት ቁልፍ

ውድ ሳምሪ፣

እንዴት ከርመሻል? ስልኬን እንደማታነሺ ስላወቅኩ ነው ወረቀት ያነሣሁት። በስልክ ቢሆን ደግሞ አፌ ይቀድመኝ ነበር፤ አፌን ታውቂው የለ?

አምና ሽሮ ሜዳ ያለውን ሱቄን፣ የጋሽ ዱጉማን ሱቅና ቁስቋም ያለውን የሸማኔዎቹን ቤት በቪፒኤን፣ ለእኛ ብቻ በሆነ የኢንተርኔት መስመር ያገናኘሽልን፣ በቴሌግራም የላክነው ጥለት በሳምንቱ ሌላ ሱቅ ተሰቅሎ ማየት ስለሰለቸን ነበር። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፣ ኮዱንም ማንም ከፍቶ ማየት ይችላል፣ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ ብቻ ይነጋገራሉ ብለሽ አስረዳሽን። ለእኔ ለብቻዬ ያልሽኝ ግን አንድ ነገር ነበር።

“ጀዊ፣ ይሄ ቁልፍ የሚባለው ፋይል ከዚህ ኮምፒውተር አይውጣ። ሌላ ከጨመርሽ የራሱን እሠራለታለሁ።”

እሺ አልኩሽ። በወሩ ለቤት ላፕቶፕ ስንገዛ በፍላሽ ገልብጬ ወሰድኩት። የቤታችን በር ቁልፍ እንኳ ለአምስት ሰው ተባዝቷል፤ ይሄኛውን ምን ልዩ አደረገው ብዬ።

ከዚያ የሱቄ መስመር ይቆራረጥ ጀመር። ሦስቴ ተመላልሰሽ አየሽው። ቁልፉን ሌላ ቦታ አስገብተሽው ይሆን ብለሽ ስትጠይቂኝ የለም አልኩሽ። ረስቼው አልነበረም፤ አታድርጊ ያልሽኝን አድርጌ መገኘቴ አሳፍሮኝ ነው። ጣጣው ከእሱ ይመጣል ብዬም አላሰብኩም። የበዓሉ ጥለት ለሸማኔዎቹ ሳይደርስ የቀረ ዕለት ግን ንዴቴ ገነፈለና በሁሉም ፊት፣ እንድንለምንሽ አውቀሽ ነው የምታበላሺው አልኩሽ። ቦርሳሽን አንሥተሽ ሄድሽ። ወሬው ዊንጌት ድረስ ዘልቆ ሥራ የሚሰጥሽ ሰው እንደጠፋ የሰማሁት ቆይቼ ነው።

ባለፈው ወር ላፕቶፑን ለጥገና ሰጠነው። ሳምንቱን ሙሉ መስመሩ አንዴም አልተቋረጠ። በተመለሰ ቀን ልጄ ጀና ቤት ስትከፍተው ሱቅ ያለው ጭጭ አለ። ደውዬ አስዘጋኋት፤ ተመለሰ። ደግማ ከፈተችው፤ ጠፋ። ለካ ሁለቱ ኮምፒውተሮች በአንድ ቁልፍ እየገቡ መስመሩን ሲነጣጠቁ ኖረዋል! ወላሂ ሳምሪ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ አለቀስኩ።

ትናንት ለሸማኔዎቹም ለጎረቤቶቼም፣ ወሬዬ ለደረሰበት ሁሉ፣ ጥፋቱ የኔ እንደነበር፣ ስምሽንም በከንቱ እንዳጠፋሁ ዞሬ ተናገርኩ። ቀለል አለኝ። ጋሽ ዱጉማ ነጠላ እያጠፉ ሰሙኝና ቀና ሳይሉ፣ “ለእሷስ ነግረሻታል?” አሉኝ።

ይኸው ነገርኩሽ። እሑድ ደግሞ ቤትሽ እመጣለሁ፤ በሩን ባትከፍቺልኝም አልቀየምሽም። በሰው ፊት ያዋረደሽ አፌ ነውና ይቅርታውንም እሱው ይጠይቅሽ።

ጀዊሪያ