ጠብቆ የሚነበብ

ጥር 6

ዛሬም ማተሚያው ወረቀት ጎረሰ። ሁለት ጊዜ። እዚህ ቢሮ ማሽን የሚታረመው በጡጫ ነው...

ሦስት የችሎት የድምፅ ቅጂ ሰምቼ ጻፍኩ። የውርስ፣ የመኪና ግጭት፣ የፍቺ። የፍቺው ምስክር «እኔ ምን አውቄ» የሚለውን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አለ። አሥራ ዘጠኙንም ጻፍኩ። ሥራዬ ሰው ያለውን መጻፍ ነው፤ ቢል ይሻል የነበረውን አይደለም።

አለቃዬ በልጄ ዕድሜ ነው። «ጋሼ አራት ነጥብ» ብሎ ስም አውጥቶልኛል። ፎቁ ሁሉ ተቀብሎታል። ይበሉ። አራት ነጥብ ባይኖር የስንቱ ወሬ ማለቂያ ባልነበረው።

ጥር 9

ዐቃቤ ሕጉ በአናጺው ጉዳይ የመጨረሻ ክርክሩን በጽሑፍ አስገባ። ከመዝገቡ ጋር ላያይዘው ስል አነበብኩት። ባላነብ ይሻለኝ ነበር?

አናጺው አምና ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ ሁለት ጤነኛ ክንድ ነበረው። ሲወጣ አንድ። የአካል ደኅንነት መብቴ ተጣሰ ብሎ መንግሥትን ከሰሰ። እነሱ ደግሞ «ፖሊስ መትተሃል» ብለው መልሰው ከሰሱት። ሁለቱም ክስ አንድ ችሎት ላይ ነው። ያየ ሰው አንድ ብቻ፤ የጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ፣ ሴትዮዋ።

ዐቃቤ ሕጉ እንዲህ ይላል፦ «የከሳሽ የራሱ ምስክር እንኳ ከሳሽ ፖሊሱን ሲመታ እንዳየች አረጋግጣለች፤ ገጽ 31።»

ገጽ 31ን ገለጥኩ። «በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሲመታ አየሁት። ባልዲዬን ጥዬ ወጣሁ።» ከሥሩ የእኔ ፊርማ።

ሲመታ። አላልቶ ላነበበው መቺው እሱ ነው። አጥብቆ ላነበበው ተመቺው እሱ ነው። ፊደሉ ያው ፊደል። ስጽፈው ምንም አልታየኝም... ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ስለነበር ወረቀቱም የሚናገር መሰለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ስህተት ስለቅም ኖሬ!

ሴትዮዋን በጆሯቸው የሰሙት ዳኞች ተዛውረዋል። አዲሶቹ የሚያውቁት ገጽ 31ን ብቻ ነው። ውሳኔው የካቲት 9። ያን ቃል አላልተው ካነበቡት የአናጺው ክስ ይወድቃል፤ እሱም እስር ቤት ይገባል። በእኔ ጽሑፍ።

ጥር 10

ቅጂውን ከፍቼ አራት ጊዜ ሰማሁት። ጠብቋል። መ ላይ ከንፈሯ ገጥሞ ሲቆይ ሁሉ ይሰማል። ጥርጥር የለውም።

አለቃዬ ዘንድ ገባሁ።

«ማረሚያ ልጽፍ ነው።»

«ይጻፉ ጋሼ። የትኛው ቃል በየትኛው ይታረም?»

«ሲመታ የሚለው...»

«እሺ?»

«...ሲመታ ተብሎ።»

እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ድንገት ሳቁን አቆመና ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ፊደሉ ትክክል ነው። ትክክል የሆነ ነገር አይታረምም። ይተዉት ጋሼ። ይህን መዝገብ በየቀኑ የሚጠይቅ ሰው አለ።»

ማን? አልጠየቅሁም። ለምን አልጠየቅሁም?

«ሲደበደብ» ብዬ ብጽፈው ነገሩ ያልቃል። ግን አላለችም። ያላለችውን ከጻፍኩ ከእነሱ በምን ተለየሁ?

ጥር 13

የሴትዮዋ ቅጂ ፋይል አይከፈትም። የኮምፒውተር ባለሙያው «ተበላሽቷል» አለ፤ እኔን ሳያይ፣ ጫማውን እያየ። ከአራት መቶ በላይ ፋይል አለ። የተበላሸው አንድ።

የአናጺውን ጠበቃ ደረጃ ላይ አገኘሁት። ሴትዮዋስ? አልኩት። ሥራ ለቃለች። ቤቷ ተቆልፏል። ጎረቤት የት እንደሄደች አያውቅም... ወይም እንዳያውቅ ተነግሮታል። «እኔም እኮ ሰምቻታለሁ» አለ ጠበቃው፣ «ግን የእኔን ጆሮ ማን ያምናል? የአንድ ወገን ጆሮ ነው።»

እንግዲህ ያ ቃል አሁን የት ነው ያለው? ጆሮዬ ውስጥ። ሌላ የትም የለም።



ጥር 15

ስልክ ተደወለ። ቁጥር አያሳይም። ጨዋ ድምፅ፣ የማይቸኩል።

«ጤና ይስጥልኝ። ጆሮዎ እንዴት ነው?»

«ማን ልበል?»

«በእርስዎ ዕድሜ ይደክማል። ያሳርፉት እንጂ።»

ዘጋው። ወደ ቤት ስሄድ ሦስት ጊዜ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም። ማንም አለመኖሩ ለምን ባሰብኝ?

ጥር 16

ለባለቤቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

«በአንድ ፊደል ልታስጨርሰን ነው?»

«ፊደሉማ ያው ነው። መጥበቁ ነው።»

«ጭራሽ በማይታይ ነገር! አንተ ሰውዬ፣ ሰው በመሬት ይጣላል፣ በሚስት ይጣላል። በመጥበቅና በመላላት የተጣላ ማን አለ?»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ተው በናትህ። እፈራለሁ።»

እኔስ? ቢላዋውን አንሥቼ የቀረውን ሽንኩርት ላጥኩ።

ጥር 20

አናጺው ኮሪደር ላይ ቀጠሮ ሊጠይቅ ተሰልፎ ነበር። እኔን አያውቀኝም። የቢሮዬን በር ይመረምራል።

«ጋሼ፣ ይህን በር የገጠመው ባለሙያ ነው?»

«እንጃ።»

«አይደለም። ማጠፊያውን ገልብጦታል። በሩ እኮ እያለቀሰ ነው፣ አይሰማዎትም?»

ሊያሳየኝ ቀኝ እጁን አነሣ። ደረቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። «እስከዚህ ነው» አለ፤ የጣውላ ቁመት የሚለካ እንጂ ስለ ራሱ የሚያወራ አይመስልም። በግራው ጨረሰልኝ።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። መስታወቱን አላየሁም።

ጥር 21

አንድ ገጽ ጻፍኩ። አራት ጊዜ ቀድጄ በአምስተኛው ወጣ። «በገጽ 31 ያለው ቃል ጠብቆ የሚነበብ ነው። ይህን የምለው ቅጂው ከመበላሸቱ በፊት በጆሮዬ ስለሰማሁ ነው። ጉድለቱ የእኔ ነው።» ለሰብሳቢዋ ዳኛ ጸሐፊ ሰጠሁ። የመቀበያ ማኅተም ካላደረግሽበት አልሄድም አልኳት።

«አለቃዎ ያውቃሉ?»

«ያውቃል።»

ዋሸሁ። ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ደነገጥኩ፤ የሰው በር ያንኳኳሁ መሰለኝ።

ጥር 25

ከቤቴ ፊት ለፊት አንድ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አየሁት። ግማሽ ሰዓት። ገጽ አልገለጠም።

ጥር 26

ዛሬም።

የካቲት 2

ችሎቱ ጠራኝ። ሠላሳ ዓመት የምስክሮችን ድምፅ ስጽፍ የምስክር ሳጥን ውስጥ ቆሜ አላውቅም። ዛሬ ገባሁ። የሳጥኑን ጠርዝ ይዤ ቆምኩ።

«ገጽ 31ን እንደሰሙት ያንብቡልን» አሉ ሰብሳቢዋ ዳኛ።

አላልቼ ባነበው ቤቴ እገባለሁ... ያ ሐሳብ መጣ፤ አልክድም። ማን ያውቃል? ወረቀቱ እንኳ አይፈርድብኝም። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየ።

ከንፈሬን ገጠምኩ። ያዝኩት። «ሲመታ አየሁት።» አጥብቄ።

«ይድገሙት።»

ደገምኩት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። መ ግን አልተንቀጠቀጠችም።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። «ጆሮዎን ይህን ያህል የሚያምኑት በምን ሙያዎ ነው?»

«እርስዎ የተናገሩትንም ዘጠኝ ዓመት የጻፍኩት በዚሁ ጆሮ ነው። አንድ ቀን ተሳስተሃል ብለውኛል?»

ከኋላ ሰው ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቁም። ቃል የምትመዘግበው ልጅ እጇን አወጣች፦ «ክብርት ዳኛ... እንዴት ብዬ ልጻፈው?»

ዳኛዋ አሰቡ። «ተመቺው አናጺው ነው፣ ብለሽ ጻፊ።»

የካቲት 9

ተፈረደለት። መብቱ ተጥሷል፣ የመታው ፖሊስ በሕግ ይጠየቅ፣ አናጺው ከቀረበበት ክስ ነጻ ነው። ሦስቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ። በረንዳው ላይ በግራ እጁ አንገቴን ያዘ። «ለካ እርስዎ ነበሩ ጋሼ!» እኔም አቀፍኩት።

ከሰዓት ደብዳቤ ደረሰኝ። «ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል» ከነገ ጀምሮ ዕቃ ግምጃ ቤት። አለቃዬ ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አላየኝም። ደብዳቤው ውስጥ ሁለት የፊደል ስህተት አለ። አላረምኩትም።

የካቲት 11

ረፋድ ነው። ሁለት ሰዎች ሳሎን ተቀምጠዋል። «ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ ለጥያቄ» አሉ። በማን ትእዛዝ? «እዚያ ሲደርሱ ያውቁታል።» ኮት ልልበስ ብዬ ነው መኝታ ቤት የገባሁት። የምጽፈው ቆሜ ነው።

ባለቤቴ ተከትላኝ ገባች። አላለቀሰችም። ቀስ ብዬ ነገርኳት፦

«ካልተመለስኩ ነገ ጠዋት ከአናጺው ጠበቃ ጋር ፍርድ ቤት ትሄጃለሽ። ሲጠይቁሽ ሄደ አትበይ። ተወሰደም አትበይ። ወሰዱት በይ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ሁለት ናቸው። የገቡት አራት ሰዓት ከሩብ። አንዱ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። የመኪናውንም ታርጋ ይዤዋለሁ።»

እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። መዳፏ ላይ ነው የጻፈችው፤ በእስክሪብቶ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ ጥርት አድርጋ።